ካርዱ የት ነው? ከካርድ ክፍል እስከ ከርነል

በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ከዝግጅት ኮሚቴው ደውለው «ዶክተር፣ ግማሽ ሰዓት አለሽ፤ ደስ ያለሽን ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት የምናገር መስሏቸው ነበር። ርዕሴን ስልክላቸው እንደገና ተደወለልኝ። «ይሄ የኮምፒውተር ልጆች ነገር አይደለም እንዴ?» ነው እንጂ! የእነሱ ነገር ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያላችሁ የኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቃን ስሳሳት ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኛም እናንተ ስለ ጨጓራችሁ ስትተነትኑ ብዙ ስቀናል።

ዛሬ የማወራላችሁ ኮምፒውተር ሜሞሪውን እንዴት እንደሚያስተዳድር ነው። ይህንን የተማርኩት ፈልጌ ሳይሆን ተገድጄ ነው። በሥራ ላይ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጠሁ፤ ትእዛዜ አንዲት እናት ሊያሳጣን ነበር። ወደዚያ እደርሳለሁ፤ መጀመሪያ ግን ነገሩ እንዲገባን ካርድ ክፍል ደርሰን እንምጣ።

ካርድ ክፍል

ከተመረቅሁ ወዲህ አብዛኛውን ጊዜ የሠራሁት አዲስ አበባን በከበቡት ከተሞች ነው። ቡራዩ ጀመርኩ፣ ሱሉልታ ጥቂት ዓመታት ቆየሁ፣ አሁን ሰበታ ነኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሦስቱም ሸገር ከተማ በሚባለው አስተዳደር ውስጥ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን አሁንም በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። የምነግራችሁ ታሪክ የተፈጸመው ከሦስቱ በአንዱ ባለ ጤና ተቋም ነው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አልነበረምና።

እዚያ ካርድ ክፍል ውስጥ ሁላችንም «አዴ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት እናት ነበሩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርድ አውጥተዋል፣ መልሰዋል። በሽተኛው ካርድ ቁጥሩን ሲነግራቸው ከመደርደሪያው ፎልደሩን ይስባሉ፤ በቦታው «ትሬሰር» የምንለውን ካርቶን ያስገባሉ። ትሬሰሩ ላይ ፎልደሩ መቼ እንደወጣ፣ ወደ የትኛው ክፍል እንደሄደ ይጻፋል። ነገ ሌላ ሰው ያንን ፎልደር ፈልጎ ቢመጣ ባዶ ቦታ አያገኝም፤ «ጥርስ ክፍል ነው ያለው፣ እዚያ ሂድ» የሚል ምልክት ያገኛል። አዴ «ካርድ አይጠፋም፤ ትሬሰር ያልገባለት ካርድ ነው የሚጠፋው» ይሉ ነበር።

መደርደሪያው ሲሞላስ? አዴ ከፊት ለፊት ያለውን መደርደሪያ በቅርብ ጊዜ ለመጡ በሽተኞች ይተዉታል። ለዓመታት ያልመጣውን ሰው ፎልደር አሥረው ኋላ ክፍል ያስገባሉ። ያ ሰው አንድ ቀን ቢመጣ ፎልደሩ ይገኛል፤ ብቻ ትንሽ ያስጠብቃል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ ትሬሰሩንና የኋላ ክፍሉን፣ በአእምሯችሁ ያዙልኝ። ከርነል የሚሠራውን ግማሹን ነግሬያችኋለሁ።

ሁሉም ሰው ሰፊ ቤት አለኝ ብሎ ያምናል

ከርነል የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ሊኑክስም ይሁን ዊንዶውስ፣ ማሽኑ ሲነሣ ገብቶ ማሽኑ እስኪጠፋ ድረስ የሚቆይ፣ ለሌሎች ፕሮግራሞች ሁሉ ቦታና ጊዜ የሚያከፋፍል ክፍል ነው። ካከፋፈላቸው ነገሮች ሁሉ ብርቅ የሆነው ሜሞሪ፣ ማለትም ራም ነው።

የእኛ ሰርቨር 8 ጊጋባይት ራም ነበረው። በላዩ ላይ የካርድ ምዝገባው ፕሮግራም፣ የላቦራቶሪው፣ የፋርማሲው፣ የሪፖርቱ፣ የሁሉንም መረጃ የሚይዘው ዳታቤዝ ይሠራሉ። የሚገርመው ምን መሰላችሁ? እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስበው ማሽኑን ብቻውን የያዘ አድርጎ ነው። በዛሬው የተለመደ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም እስከ 128 ቴራባይት የሚደርስ የአድራሻ ስፋት ይታየዋል። ያለን 8 ጊጋባይት፣ ለእያንዳንዱ የታየው 128 ቴራባይት! ይህ ነው ቨርቹዋል ሜሞሪ።

ማታለል ይመስላል፤ ግን ማታለል አይደለም፤ ቃል ኪዳን ነው። ከርነሉ «ስትፈልገው አቀርብልሃለሁ» ይላል እንጂ «አሁን ሁሉንም ሰጥቼሃለሁ» አይልም። ቃሉን የሚጠብቀውም ሜሞሪውን በትናንሽ እኩል ቁራጮች ከፍሎ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ገጽ ይባላል፤ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ 4 ኪሎባይት ነው። የእኛ 8 ጊጋባይት ተከፍሎ ሲታይ ከ2 ሚሊዮን በላይ ገጽ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ከርነሉ የገጽ ሰንጠረዥ ይይዛል፦ አንተ በዚህ አድራሻ የምታውቀው ገጽ በእውነተኛው ራም ላይ እዚህ ቦታ ነው ያለው እያለ።

ገጹ ራም ላይ ከሌለስ? ሰንጠረዡ ላይ «የለም» የሚል ምልክት አለ፤ ከጎኑም የት እንደሄደ ተጽፏል። የአዴ ትሬሰር ማለት ይሄ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ገጽ ሲነካ ፕሮሰሰሩ ሥራውን ያቆምና ከርነሉን ይጠራል፤ ይህ ፔጅ ፎልት ይባላል። ስሙ ጥፋት ይመስላል እንጂ በሽተኛው መስኮቱ ጋ ቆሞ ካርዱን መጠየቁ ነው። ከርነሉ ገጹን ከዲስክ አምጥቶ ራም ላይ ያስቀምጣል፣ ሰንጠረዡን ያስተካክላል፣ ፕሮግራሙን «ቀጥል» ይለዋል። ፕሮግራሙ መጠበቁን እንኳ አያውቅም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው አትላስ የሚባል ኮምፒውተር ነው መንገዱን የከፈተው። ፈጣኑ ሜሞሪው 16 ሺህ ገደማ ቃላት ብቻ ነበር የሚይዘው፤ የሚሽከረከረው የማግኔት ከበሮው ደግሞ 96 ሺህ። ቶም ኪልበርንና ባልደረቦቹ ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ መጋዘን እንዲታዩ አደረጓቸው። በየኪሳችን ያለው ስልክ ዛሬም በዚያው ሐሳብ ላይ ነው የሚሠራው።

ከገጹ ጀርባ ያለው

እስካሁን ያልኩት ስለ ገጽ ነው። ከርነሉ ግን ገጾችን አንድ በአንድ ብቻ አያስብም፤ ከበስተጀርባቸው ያለውን ነገር ይይዛል። አንዳንድ ከርነሎች ይህንን የሜሞሪ ኦብጀክት ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ማክ የሚባል ከርነል ይህንን አሠራር በደንብ ቀርጾታል፤ ፍሪቢኤስዲና የአፕል ኮምፒውተሮች ዛሬም ከዚያ የወረሱት ነው።

ኦብጀክት ማለት «እነዚህ ገጾች የማን ናቸው? ቢጣሉ ከየት ይመለሳሉ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። መልሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከፋይል የመጣ ነው፤ ለምሳሌ የፕሮግራሙ ኮድ። ይህ ካልተነካ ቦታ ሲጠብ ዝም ብሎ ይጣላል፤ ዋናው ዲስክ ላይ አለና። ሁለተኛው ፋይል የሌለው፣ ፕሮግራሙ እየሠራ የፈጠረው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው እየተየበ ያለው፣ ገና «አስቀምጥ» ያላለው የደም ውጤት እዚህ ውስጥ ነው። ከዚህ ውጭ ሌላ ቅጂ የለውም። ከርነሉ ይህንን ከራም ማውጣት ከፈለገ መጀመሪያ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት፤ ለዚህ የተዘጋጀው የዲስክ ክፍል ስዋፕ ይባላል። የአዴ የኋላ ክፍል ማለት ነው።

አንድ ኦብጀክት በብዙ ፕሮግራሞች ሊያዝ ይችላል። ከርነሉ ስንት ሰው እንደያዘው ይቆጥራል፤ የመጨረሻው ሲለቅ ብቻ ነው ቦታውን የሚያስለቅቀው። አንድ ፕሮግራም ራሱን ሲያባዛ ደግሞ ከርነሉ ሁሉንም ገጽ አይገለብጥም። ሁለቱም ያንኑ ገጽ እንዲያዩ ያደርግና አንዱ ሊጽፍበት ሲል ያቺን ገጽ ብቻ ይገለብጣል።

የማዋለጃ ክፍል ሰዎች ይህንን ታውቁታላችሁ። እኛ ጋ ሕፃኑ ሲወለድ ወዲያው የራሱ ካርድ አልነበረውም፤ በእናቱ ካርድ ላይ ነበር የሚጻፍለት። ሕፃኑ ቢታመም የራሱ ካርድ ይወጣለታል፤ ካርዱ ላይ አዲሱ ነገር ብቻ ይጻፍና ለቀረው «የእናቱን ካርድ ይመልከቱ» ይባላል። ማክ ውስጥ ያለው ጥላ ኦብጀክት የሚሉት ልክ እንደዚህ ነው፦ የተለወጠውን ብቻ ይይዛል፣ ለቀረው ወደ ወላጁ ይጠቁማል። ችግሩም አንድ ዓይነት ነው። «ያንን ካርድ ይመልከቱ»፣ ያኛው ደግሞ «ያንን ይመልከቱ» እያለ ሰንሰለቱ ሲረዝም ፍለጋው ይዘገያል። ስለዚህ ከርነሉ አልፎ አልፎ ሰንሰለቱን ይሰበስባል፤ ሌላ ሰው የማይፈልገውን ወላጅ ከልጁ ጋር አንድ ያደርገዋል። አዴም ክረምት ላይ፣ በሽተኛ ሲቀንስ፣ ይህንኑ ነበር የሚሠሩት።

ማንን እናውጣ?

ራም ሲሞላ የትኛው ገጽ ይውጣ? በ1966 እ.ኤ.አ. ላስሎ ቤላዲ የተባለ ተመራማሪ ትክክለኛውን መልስ አስቀምጧል፦ ወደፊት ከሁሉ ዘግይቶ የሚፈለገውን አውጣ። መልሱ ትክክል ነው፤ ችግሩ ወደፊቱን የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ከርነል ያለፈውን ያያል። ፕሮሰሰሩ አንድ ገጽ በተነካ ቁጥር ምልክት ያደርግበታል፤ ሊኑክስ በእነዚህ ምልክቶች ገጾቹን «በሥራ ላይ ያሉ» እና «ሥራ የፈቱ» ብሎ በሁለት ዝርዝር ይይዛቸዋል። የሚወጣው ከሁለተኛው ነው። እዚያ ሳለ የተነካ ደግሞ ተመልሶ ወደ መጀመሪያው ይገባል። አዴ ያለ ምንም ፕሮሰሰር ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በአንድ ሁኔታ ነው። በአንድ ጊዜ በእውነት የሚያስፈልጉት ገጾች ራም ውስጥ መግባት አለባቸው። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዚህ ስም ሰጥቶታል፤ ዎርኪንግ ሴት፣ ማለትም አሁን በሥራ ላይ ያለው ስብስብ። ይህ ስብስብ ከራሙ ከበለጠ ከርነሉ ያወጣው ገጽ ወዲያው ይፈለጋል፣ እሱን ለማስገባት ሌላ ያወጣል፣ እሱም ወዲያው ይፈለጋል። ይህ ትራሺንግ ይባላል። ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ይሯሯጣል፤ የሚሠራው ሥራ ግን የለም።

የጊዜውን ልዩነት ልንገራችሁ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከራም ጋር ሲነጻጸር መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይዘገያል። ራም ላይ ያለውን ገጽ ማግኘት አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ቢሆን፣ ከዲስክ ማምጣት 69 ቀን ይሆናል ማለት ነው። ከቡራዩ በአስኮ፣ ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ፣ ከሰበታ በአለም ገናና በአየር ጤና በየጠዋቱ ወደ አዲስ አበባ ለሥራ የምትገቡ ሁሉ ትራሺንግን በአካላችሁ ታውቁታላችሁ። ከሥራው ሰዓት መንገዱ ሲበልጥ ማለት ነው።

ትእዛዜ

አሁን ወደ ጥፋቴ።

የጤና ሪፖርት ወር ከ21 እስከ 20 እንደሚቆጠር የጤና ሰዎች ታውቃላችሁ። ወሩ በ20 ይዘጋል፤ ከ21 ጀምሮ ሪፖርት ለማድረስ ሩጫ ነው። በእነዚያ ቀናት ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ሲስተማችን ይቆማል። ምዝገባው መስኮት ጋ ሰልፉ ግቢውን ያቋርጣል። ሰርቨሩ ላይ ያለችው የዲስክ መብራት ሳታርፍ ትበራለች። እኔ በዚያን ጊዜ ሜዲካል ዳይሬክተር ነበርኩ፤ ሰልፉን በመስኮቴ አየዋለሁ።

የአይቲ ባለሙያችን ወጣት ነው፣ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ። ዛሬም እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ «ስሜን እንዳይጠሩት» ስላለኝ አልጠራውም። አስጠራሁትና ጠየቅሁት።

«ዶክተር፣ ራሙ አልበቃ ብሎት ስዋፕ ላይ እየተመላለሰ ነው» አለኝ።

«ስዋፕ ምንድን ነው?»

«ራም ሲሞላ ገጾቹን ዲስክ ላይ የሚያቆይበት ቦታ ነው።»

«ታዲያ የሚያዘገየን እሱ ከሆነ ዝጋዋ!»

ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ዶክተር፣ እሱ ምልክቱ ነው እንጂ ችግሩ አይመስለኝም። መጀመሪያ ራሙን ማን እንደሚበላው ልይ» አለኝ።

እኔ ምን አልኩ? «ሰልፉን እያየኸው አይደለም እንዴ? ዝጋው ብያለሁ።»

እናንተ ሐኪሞች፣ አንድ ተለማማጅ ሐኪም ትኩሳት ያለበትን በሽተኛ ፓራሲታሞል ብቻ ሰጥቶ ቢልከው ምን ትሉታላችሁ? እኔ ለሰርቨሩ ያደረግሁት ያንን ነው። ቃሌን የሚመልስ ሰው ስላልነበረ ስዋፑ ተዘጋ። በማግሥቱ ማሽኑ ፈጠነ። እኔም ተመሰገንኩ። ምስጋናውን ተቀበልኩ፤ እሱን መደበቅ አልችልም።

በዚያው ሰሞን ሌላም ትእዛዝ ሰጥቼ ነበር። ላቦራቶሪው ውጤቱን ኮምፒውተር ላይም ደብተር ላይም ይመዘግባል። «ይህ ድርብ ሥራ ነው፣ ደብተሩን ተዉት» አልኩ።

በቀጣዩ ወር በ22 ጠዋት አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም መፍሰሱ አልቆም አለ። መድኃኒቱ ተሰጠ፣ ግሉኮሱ ተከፈተ፣ ለሂሞግሎቢንና ለደም ዓይነት ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ተላከ። ውጤቱን ስክሪን ላይ እንጠብቃለን፤ እንደዚያ ለምደናል። በዚያች ሰዓት ደግሞ ሪፖርት ክፍሉ የወሩን ማጠቃለያ አስነሥቷል።

አሁን ከርነሉን እናስበው። ራሙ ሞላ። ካልተነኩት የፋይል ገጾች የሚጣለውን ሁሉ ጣለ። የቀሩት ቅጂ የሌላቸው ገጾች ናቸው፤ የሚጽፋቸው የኋላ ክፍል ግን የለውም፣ እኔ ቆልፌዋለሁ። ሊኑክስ እዚህ ደረጃ ሲደርስ አንድ የመጨረሻ እርምጃ አለው፦ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። የሚመርጠውም በአብዛኛው ብዙ ሜሞሪ የያዘውን ነው። እኛ ትሪያጅ ስናደርግ ማን ይበልጥ ያስፈልገዋል ብለን ነው፤ እሱ ግን ማን ብዙ ይዟል ብሎ ነው። ከሁሉ ብዙ የያዘው ዳታቤዛችን ነበር። ገደለው።

የተቀመጠው መረጃ አልጠፋም፤ ዳታቤዝ ለዚህ ጥንቃቄ ያደርጋል። ግን በየስክሪኑ ላይ እየተጻፈ የነበረው፣ ገና ያልተቀመጠው ሁሉ ጠፋ። ሲስተሙም ከአገልግሎት ወጣ። የእናቲቱ ውጤት በዚያች ደቂቃ ነበር እየገባ የነበረው።

እኛ ስክሪኑን እያየን «አሁን ይመለሳል» አልን። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ሃያ ደቂቃ! ደም ለሚፈሳት እናት ሃያ ደቂቃ ስንት እንደሆነ እዚህ ያለ ሐኪም ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ስክሪኑን ትታ በእግሯ ወደ ላቦራቶሪ ሮጠች። ይዛ የተመለሰችው ከደብተር የተቀዳ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ ሂሞግሎቢን 5.8፣ የደም ዓይነቱም ከጎኑ። አንጋፋው የላቦራቶሪ ባለሙያችን ደብተሩን አልተዉም ነበር። ትእዛዜን ባለማክበራቸው እናቲቱ ደም አገኘች፣ በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ተላከች፣ ዳነች። ልጇ ዛሬ ተማሪ ነው።

ከዚያ በኋላ

በማግሥቱ የአይቲውን ልጅ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅሁትና «አስተምረኝ» አልኩት። ለሦስት ሳምንት ከሥራ በኋላ ተቀምጦ አስተማረኝ። እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ የእሱ ትምህርት ነው።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ስዋፑ ተመለሰ። ከዚያ ራሙን ማን እንደሚበላው ታየ፤ የወሩን ማጠቃለያ የሚሠራው ፕሮግራም የዓመቱን መረጃ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ ሜሞሪ ይጎትት ነበር። እሱ ማታ እንዲሠራ ተደረገ፤ ከተወሰነ ሜሞሪ በላይ እንዳይወስድም ገደብ ተበጀለት። ዳታቤዙ ላይ «ይህንን በመጨረሻ እንጂ እንዳትነካ» የሚል ምልክት ለከርነሉ ተቀመጠ። በመጨረሻ ራሙ ወደ 16 ጊጋባይት አደገ። የላቦራቶሪው ደብተርም በክብር ቦታው ተመለሰ፤ መቼ ምን እንደሚጻፍበት መመሪያ ወጣለት።

ከዚህ ምን ተማርኩ? እኛ ሁላችንም ካለን በላይ ቃል እየገባን ነው የምንሠራው። አልጋው ከበሽተኛው ያንሳል፣ ሐኪሙ ያንሳል፣ ደሙ ያንሳል። ከርነልም እንደዚያው ነው፤ በ8 ጊጋባይት ለሁሉም ሰፊ ቤት ቃል ይገባል፣ አብዛኛውን ጊዜም ቃሉን ይጠብቃል። የሚጠብቀው ስላለው አይደለም፤ ሁለት ነገር ስለማይረሳ ነው። ያወጣውን የት እንዳስቀመጠ ይጽፋል። ሌላ ቅጂ የሌለውን ነገር ደግሞ ሳይጽፍ ከራም አያወጣም። እኔ ሁለተኛውን ከለከልኩት። ሰውን የሚጎዳው የቦታ ጥበት ብቻ አይደለም፤ ትሬሰር ሳያስገቡ ማውጣትና ቅጂ የሌለውን መጣል ነው።

ይህንን ሳስብ ዘወትር የሚቆጨኝ የሪፈራል ወረቀታችን ነው። ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ በየቀኑ በሽተኛ ወደ ትልልቅ ሆስፒታሎች እንልካለን። ወረቀቱ ሁለት ክፍል አለው፤ የላይኛው የላኪው ነው፣ የታችኛው ተቀባዩ ሞልቶ የሚመልሰው ግብረ መልስ ነው። ተሞልቶ በእጄ የገባው በጣት የሚቆጠር ነው። በሌላ ሰው ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም፤ ከጤና ጣቢያ ወደ እኛ ለተላኩትም እኛ ስንቱን እንደመለስን ቆጥሬ አፍሬያለሁ። በሽተኛውን ከራማችን አውጥተናል፤ የት እንደደረሰ ግን ሰንጠረዣችን ላይ አልተጻፈም። ሲመለስ እንደ አዲስ ሰው እንጀምረዋለን፤ ምርመራውን እንደግማለን፣ እሱም ገንዘቡን ይደግማል።

ስለዚህ ከመውረዴ በፊት ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

የኮምፒውተር መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁን ለተግባር ልምምድ ወደ እኛ ላኩልን። ባንክና ቴሌ ብቻ አይደለም ሲስተም ያለው። ሰርቨር በእውነት ሲጨነቅ ማየት የሚፈልግ ተማሪ በ22 ጠዋት 3 ሰዓት ሰበታ ይምጣ። አበል የለንም፤ ቡና ግን አለ።

የሕክምና መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ አንድ ሰዓት ስጡልኝ። ሐኪም ፕሮግራም ይጻፍ አልልም። ግን የሚያየው ስክሪን ሲጠፋ ከጀርባው ምን እንደቀረና ምን እንደጠፋ ይወቅ። ስንት ደቂቃ ጠብቆ በእግሩ መሮጥ እንዳለበት አስቀድሞ ይወስን። በእኛ ቤት አሁን ሕጉ አምስት ደቂቃ ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኮምፒውተር ትልኩልናላችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመላካችሁ በፊት ግን ደውሉልን። አንዳንድ ጊዜ ከአሥር አሮጌ ኮምፒውተር ይልቅ ላለን ሰርቨር የሚሆን አንድ ራም የበለጠ ሕይወት ያተርፋል።

አዴ ጡረታ ወጥተዋል። የወጡ ሰሞን ለስንብት ቡና ጠርተናቸው ይህንን የከርነል ነገር ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝና ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ይሄን ለማወቅ ያን ሁሉ ጊዜ ማሽን ጋ ከምትቀመጪ አንድ ቀን እኔ ጋ መጥተሽ ብትቀመጪ ይሻልሽ ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው።